ሙዓዝ አጉ ያለ ጊዜ

ከይሪያ ከደጋን ወደ ኮምቦልቻ የመጣችው ልጅነቷ ገና ሳይለቃት ነው። አባቷ ማሽላ እየዘሩ፣ ጥቂት ፍየል እያረቡ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ከልጆቻቸው ሁሉ ጨዋታ አዋቂዋ እሷ ስለነበረች «ይችን ያገባ ሰው ሬዲዮ መግዛት አይጠበቅበትም» እያሉ ይስቁ ነበር። ኮምቦልቻ እንደደረሰች የአገሯ ልጅ ራሂማ እሷ ከምትሠራበት የጨርቅ ፋብሪካ አስገባቻትና ሽመና ክፍል ተመደበች።

ሽመና ክፍልን ገብቶ ላላየ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። በረዶ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው አጠገቡ ከተቀመጠው ጋር መነጋገር ያቅተው የለ? እንደዚያ ነው፤ ይሄኛው በረዶ ግን አያባራም። ፈረቃው እስኪያልቅ ማሽኖቹ እንደተንጫጩ ናቸው። ሴቶቹ ታዲያ ዝም ብለው አይውሉም። ድምፅ ሳያወጡ በከንፈር ይነጋገራሉ፤ እጅና ቅንድብ ያክሉበታል። በዚህ ነገር ከይሪያን የሚያክላት ጠፋ። ራሂማ ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ሆና የሰርግ ወሬ ስትነግራት፣ እሷ ከወዲህኛው ጫፍ የተበጠሰ ክር እየቀጠለች መልስ ትሰጣት ነበር። አለቃቸው «ሥራ ላይ ናችሁ ወይስ ሰርግ ላይ?» እያለ ይቆጣቸዋል፤ እሱንም ቢሆን የሚሰሙት ከንፈሩን አይተው ነው።

ለጆሮ መድፈኛ ይሰጣቸው ነበር። ከይሪያም ትቀበልና ከጋዋኗ ኪስ ትከተዋለች። ያሳክካል፣ በላብ ይንሸራተታል፤ ደግሞም የሚያደርጉት አዲሶቹ ናቸው፣ እሷ አዲስ መባልን አትወድም። እንዲህ እንዲህ ስትል ዓመታት አለፉ። ከፈረቃ ስትወጣ ጆሮዋ ጭው ይላል፣ ቤቷ ገብታም ይጮሃል። ለራሂማ ብትነግራት «ሰው አምቶሽ ነዋ!» አለቻት።

«እንግዲያው ኮምቦልቻ ሌላ ሥራ የለውም፤ እኔን ሲያማ ነው የሚውለው» ብላ ሳቀች። ነገሩ በዚሁ ቀረ።

መሕሙድን ያገባችው በዚያው ሰሞን ነው። መሕሙድ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ ቶሎ አይመለስም። የተከራዩት ቤት ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነበርና የቅርብ ጎረቤታቸው እትዬ ሸዋረጋ ሆኑ። እትዬ ሸዋረጋ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ሳያገኙ የቀሩ፣ በግቢው ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ፣ ድመቷን ሳይቀር፣ ሲያናግሩ የሚውሉ ሴት ናቸው። በረመዳን ለከይሪያ የማፍጠሪያ ሾርባ ያደርሱላታል። እሷም የእሳቸው በዓል ሲቃረብ ሄዳ ቤታቸውን እንደ ልጅ አጥባ፣ አጽድታ ትመለሳለች።

ሙዓዝ ሲወለድ ከደጋን የእናቷ ታላቅ እህት አክስቷ ሐዋ መጥተው አረሷት። አክስቷ ተመልሰው ከሄዱ በኋላ ከይሪያ የወሊድ ፈቃዷ እስኪያልቅ ልጇን አዝላ ቤቷን ታሰናዳለች፣ አዝላ ገበያ ትሄዳለች፣ አዝላ ልብስ ታጥባለች። ልጇን አልወደደችውም የሚል ሰው ቢኖር ውሸታም ነው። እየደጋገመች ታሸተዋለች። ሲያለቅስ የያዘችውን ጥላ ትበራለች። ለቅሶውን ትሰማው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ልብስ እያሰጣች ሳለ እትዬ ሸዋረጋ ከኋላዋ መጥተው ትከሻዋን ነካ አደረጓት።

«ልጅሽ እያወራሽ ነው እኮ!»

«ማ? ሙዓዝ? ምን አለኝ?»

«አጉ አለሽ።»

«እሱ ገና ምን አፍ አለውና ነው እትዬ?» አለችና ዘወር ብላ ልታየው ሞከረች። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነው፤ የታየቻት የቆቡ ጫፍ ብቻ ናት። «አንተ ወሬኛ!» ብላ ቂጡን መታ መታ አደረገችውና ወደ ልብሷ ተመለሰች።

ፈቃዷ አልቆ ሥራ ስትገባ ሙዓዝ እትዬ ሸዋረጋ ዘንድ መዋል ጀመረ። ከይሪያ ከማሽን ጋር ስትታገል ውላ ስትመለስ ትወስደዋለች፤ አጥብታ፣ አጥባ፣ አዝላ ጓዳ ትገባለች። ልጁ ሲያድግ ለቅሶው በዛ። የሚፈልገው ነገር ካለ ያለቅሳል፤ ምንም ባይፈልግም ያለቅሳል። «እኔ ጋ ሲመጣ ነው የሚብስበት» ትላለች ለራሂማ። መሕሙድ ከመንገድ ሲመጣ ግን ልጁን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊት ያጫውተዋል። ድምፁ የመኪና ሞተር ለምዶ ጮክ ያለ ነው፤ ሕፃኑ ይስቅለታል። ከይሪያ ከምድጃው ዘወር ብላ ታያቸዋለች፤ እነሱ ሲስቁ እሷም ትስቃለች።

ነገሩ መክበድ የጀመረው ልጁ በእግሩ መሄድ ሲጀምር ነው። ቧንቧ ላይ ውሃ የሚቀዱት የግቢው ሴቶች «ሙዓዝ ዛሬ ውሃ አለ! ድመቷንም ሙጫ እያለ ሲጠራት ዋለ!» ይሏታል። እሷ ቤት ሲገባ እጅ ይዞ መጎተት፣ በጣት ማሳየት፣ ካልሆነም ማልቀስ ነው። አንድም ቃል ሰምታ አታውቅም። መጀመሪያ «ማጋነን ይወዳሉ፤ ሊያስደስቱኝ ብለው ነው» አለች። በኋላ ግን ሌላ ሐሳብ ገባባት። ልጁ ለሌላ ሰው እያወራ እናቱን ከዘጋት፣ አንድ የሚያስተምረው አለ ማለት ነው ብላ አሰበች። ማታ ልትወስደው ስትሄድ የእትዬ ሸዋረጋን ቀሚስ ይዞ አልለቅም ሲል ደግሞ ሐሳቧ ሥር ሰደደ።

አንድ የጠዋት ፈረቃ የሠራች ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁን ልትወስድ ሄደች። እትዬ ሸዋረጋ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ፤ ሙዓዝ አጠገባቸው ነው። ከይሪያን ሲያይ ወደ እሳቸው ተጠጋ።

«ከይሪዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቀየሚኝ» አሉ እትዬ ሸዋረጋ። «ልጁ ሲጠራሽ መልሽለት። ትናንት በር ላይ ሆኖ እማ ቢልሽ ዝም ብለሽው ገባሽ። ደጋግሞ ጠራሽ። ሆዱ ይብሳል እኮ፣ ልጅ ነው።»

«እማ? እኔን እማ ብሎኝ አያውቅም። እርስዎን ይሆናል።»

«ኧረ አንቺን ነው! እኔንማ ሸዋዬ ነው የሚለኝ።»

ያ «ሸዋዬ» የሚለው ቃል ከምንም በላይ አንገበገባት። የሷ ልጅ ለጎረቤት የቁልምጫ ስም አውጥቷል። «እትዬ ሸዋረጋ» አለች፣ «የወለድኩትን ልጅ እንዴት እንደማናግር ከሰው አልማርም። ያውም ወልዶ ከማያውቅ ሰው!»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች፤ ግን የወጣ ቃል አይመለስም። እትዬ ሸዋረጋ ምስሩን መልቀማቸውን ተዉ። ሰፌዱን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው መሬት አስቀመጡት። ልጁን አንሥተው አስታቀፏትና ገብተው በራቸውን ዘጉ።

በማግሥቱ ከይሪያ ወደ ደጋን ሰው ልካ አክስቷን አስመጣች። አክስቷ ሐዋ ሰው የማይነኩ፣ ሶላታቸው የማይጓደል፣ የሙሰባሐቸውን ዶቃ እየቆጠሩ የሚውሉ ደግ ሴት ናቸው። ልጁን አብልተው፣ አጥበው፣ ጥላ ሥር አስቀምጠው ይጠብቁታል። ወሬ ግን አያበዙም፤ «ሕፃን ዝም ካለ ጤነኛ ነው» ይላሉ። ሙዓዝ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእትዬ ሸዋረጋ በር ፊት ቆሞ ሲያለቅስ ሰነበተ። ቀጥሎ ለቅሶውንም ተወ። ከድንጋይና ከጠርሙስ ክዳን ጋር ብቻውን ተቀምጦ መጫወት ጀመረ። የቧንቧዋ ሴቶችም ከዚያ ወዲህ «ሙዓዝ እንዲህ አለ» ማለታቸውን አቆሙ።

እትዬ ሸዋረጋ ብዙም ሳይቆዩ ቤታቸውን ለቀው ቦሩ ሜዳ ወንድማቸው ዘንድ ሄዱ። ከይሪያ ያወቀችው ከሥራ ስትመለስ ባዶውን ክፍል አይታ ነው። «ሳይሰናበቱኝ» አለች ለአክስቷ። «ያን ሁሉ ዓመት አብረን ኖረን፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይሉኝ!» ያን ቀን ቂም መያዟ ልክ መሰላት።

ሙዓዝ ሁለተኛ ዓመቱን አልፎም ያው ነው። መሕሙድ ከመንገድ ሲመጣ እንደ ወትሮው ሊያጫውተው ቢሞክር ልጁ ይመለከተዋል እንጂ አይመልስለትም። «ምን ሆነብን ይሄ ልጅ?» አለ መሕሙድ። ከይሪያ የራሷን ጥርጣሬ አልነገረችውም። በመጨረሻ ምክሩን ያመጣችው ራሂማ ናት፤ በከንፈር፣ በማሽን ማዶ። «ጆሮው ይሆናል። ደሴ ወስደሽ አስመርምሪው።»

መሕሙድ መንገድ ላይ ስለነበር ልጇን ይዛ ብቻዋን በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጣች። ደሴ ጉም ውስጥ ነበረች። የጆሮ መመርመሪያው ክሊኒክ ውስጥ የተቀበለቻቸው ባለሙያ ዊዳድ ትባላለች፤ ለግላጋ፣ ሂጃቧን በጥንቃቄ የምትጠቀልል ወጣት ናት።

«ዶክተር፣ ልጄ አይሰማም መሰለኝ» አለች ከይሪያ።

«ዶክተር አይደለሁም፣ ዊዳድ በይኝ። እስኪ ይዘሽው ተቀመጪ።»

ዊዳድ ከልጁ ጀርባ ሆና ትንሽ ደወል አቃጨለች። ሙዓዝ ዞረ። ወረቀት አሻሸች። ዞረ። ጣቷን ከጣቷ እያፋተገች ብቻ፣ ሌላ ሰው ከቁም ነገር በማይቆጥረው ድምፅ ሞከረችው። አሁንም ዞረ። በሌላ መሣሪያም ስታየው ቆየችና «ማሻአላህ፣ ጆሮው ንጹሕ ነው» አለች።

ከይሪያ መደሰት ሲገባት አልተደሰተችም። ጆሮው ደህና ከሆነ ለኔ ዝም የሚለው ስለማይወደኝ ነው ብላ ነበር ያሰበችው።

«አሁን እኔን እርሺኝና እዚያ ምንጣፍ ላይ እንደ ቤታችሁ ተጫወቱ» አለች ዊዳድ። ከይሪያ አንድ ፕላስቲክ መኪና አንሥታ ልጇን አስቀመጠችው። አጎንብሳ መኪናዋን ስትገፋ ልጁ አንድ ነገር አለ። እሷ መኪናዋን ገፋች። ልጁ ጠበቀ፣ መልሶ አለ። እሷ ጎማውን እያሽከረከረች ነው። ልጁ ፊቱን አዞረ። ይህን ሁሉ በኋላ የነገረቻት ዊዳድ ናት፤ ከይሪያ በዚያች ሰዓት የምታውቀው ልጇ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ እንደተቀመጠ ብቻ ነው።

ዊዳድ ከወንበሯ ሳትነሣ «ከይሪያ» ብላ ጠራች። ሙዓዝ ቀና አለ። «ከይሪያ» አለች ደግማ። ልጁ እናቱን አየ፣ ዊዳድን አየ። ተነሥቶ ወደ እናቱ ሄደና አገጯን በሁለት እጁ ይዞ ፊቷን ወደ ዊዳድ አዞረላት።

«ምነው?» አለች ከይሪያ እየሳቀች።

ዊዳድ አልሳቀችም። «እህቴ፣ የት ነው የምትሠሪው?» አለቻት።

ሌላ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገብታ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አደረገችላትና «ድምፅ ስትሰሚ ይቺን ተጫኚ» አለቻት። ከይሪያ ጣቷን ቁልፏ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ጥቂት ድምፆች ሰማችና ተጫነች። ከዚያ ወዲያ ዝም ሆነ። ጠበቀች፣ ጠበቀች። ዊዳድ በሩን ስትከፍት «ቀሪው መቼ ነው የሚጀመረው?» አለቻት።

«ጀምረን ጨረስን» አለች ዊዳድ፤ አጠገቧም ተቀመጠች።

ቀስ ብላ፣ ከንፈሯ እንዲታይ ፊቷን ወደ እሷ አድርጋ አስረዳቻት። የማሽኑ ጩኸት ለዓመታት ጆሮዋን ሲበላው ኖሯል። ትልልቁን ድምፅ፣ ጩኸትና ለቅሶን ትሰማለች። ለስላሳው ድምፅ ግን አይደርሳትም። ከንፈር ማንበብ ስለምታውቅ ሰው ፊት ለፊት ሲያናግራት የሰማች ይመስላታል፤ ለዚህ ነው ሌላው ቀርቶ ራሷም ያላወቀችው። ከይሪያ ስልክ ሲደወልላት ሁልጊዜ «ኔትወርክ የለም» እያለች የምትዘጋው ትዝ አላት።

«ሕፃን ወሬ የሚጀምረው ቃል ሳያውቅ ነው» አለች ዊዳድ። «አጉ ይላል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም የሚለው ተራውን ለእናቱ ሲለቅላት ነው። እሷ አንድ ነገር ትለዋለች፣ እሱ ይጠብቃታል፣ ደግሞ እሱ ይቀጥላል። እንግዲህ ያ ነው ሰው ከሰው ጋር መነጋገር የሚማርበት።»

«እኔስ ምን አልኩት?»

«ሲያለቅስ መጥተሽለታል» አለች ዊዳድ። «አይተሽው ስትስቂለትም ተነጋግራችኋል። አሁን ሌላ ሰው ሲያናግረው የማይመልሰው ደግሞ፣ እንደነገርሽኝ የለመዳቸው ጎረቤት ስለተለዩት ይመስለኛል። ይመለሳል ኢንሻአላህ። ጥፋትሽ አይደለም።»

«መድፈኛውኮ ሰጥተውኝ ነበር» አለች ከይሪያ። «ኪሴ ውስጥ ነበረ።»

ከክሊኒኩ ወጥታ ሚኒባስ መሳፈሪያው ድረስ ልጇን አላዘለችውም። አቅፋው ሄደች፤ ፊቱን እያየች። አንድ ጊዜ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይታ ድንገት ቆመች፤ ከኋላዋ የሚመጣው ሰው ሊገጫት ምንም አልቀረው። «ምን አልክ አባቴ? እንደገና በል» አለችው። ልጁ ደንግጦ ዝም አለ።

መሕሙድ ሲመጣ ነገረችው። «ስደውልልሽ ስትዘጊብኝ፣ አኩርፈሽኝ ይመስለኝ ነበር» አለ። «አንዳንዴ መንገድ ላይ ሆኜ ምን በድያት ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።» እሱም የራሱን ጸጸት ይዞ ተቀመጠ። ሚስቱ ምድጃ ላይ ሳለች ከኋላዋ ስንቱን ነገር አጫውቷታል! መልስ ሲያጣ ደክሟት ነው እያለ ትቶታል። ሁለት ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ እንዲህ ኖረው ሳይተዋወቁ መቅረታቸውን ሲያስቡ፣ የሚወቃቀሱበት አቅም እንኳ አጡ።

ስታመለክት ፋብሪካው ጩኸት ወደሌለበት ማጠፊያ ክፍል አዛወራት። ራሂማ ሽመና ክፍል ቀረች፤ መድፈኛዋን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አላወለቀችም። የመስሚያ መሣሪያው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ብዙ ወራት ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከይሪያ ከሥራ እንደገባች መሬት ላይ ተቀምጣ፣ የሙዓዝን አፍ አፍ እያየች ትጠብቃለች። መጀመሪያ ልጁ ፈርቷት ነበር፤ እናቱ እንዲያ አፍጣ ስታየው ጥፋት የሠራ መሰለው። ሲለምድ ግን አንድ ሁለት ቃል ይሰጣት ጀመር። አክስቷ ሐዋም ነገሩን ሲሰሙ «ያ ረቢ፣ እኔም ይሄን አላውቅ፤ ዝም ያለ ልጅ ደህና ልጅ ይመስለኝ ነበር» ብለው ተረት መንገር ጀመሩለት።

መሣሪያው የተገጠመላት ቀን ዊዳድ «ቀስ ብለሽ ልመጂው፤ መጀመሪያ ሁሉ ነገር ጫጫታ ይሆንብሻል» ብላት ነበር። እውነትም ሆነ። የፌስታል መንኮሻኮሽ አስደነገጣት። የራሷ ጫማ ድምፅ አለው። ሙዓዝ አጠገቧ ቆሞ «እማ፣ እንሂድ» ሲላት ግን እንደ ሐውልት ደርቃ ቀረች። ድምፁ ሻካራ ነው። የአባቷን ድምፅ ይመስላል፤ ጠዋት ፍየሎቹን ሲጠሩ እንደሚያሰሙት ያለ። ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጇ የማን ድምፅ እንዳለው ያወቀችው ያን ዕለት ነው። ደስታዋን ግን አንድ ነገር ያዘባት። አሁን የሚናገረውን ሁሉ መስማት ትችላለች። አጉ ያለው ድምፁ ግን የለም፤ ማንም ሰው ደግሞ አይመልሰውም።

ያንን ድምፅ የሰማ አንድ ሰው አለ። ከይሪያ ይህን ካሰበች በኋላ ቦሩ ሜዳ ሄዶ ፊታቸው ላይ መቆም አቅቷት ብዙ ሳምንት አመነታች። በመጨረሻ አንድ የዕረፍት ቀኗ ላይ ሙዓዝን አልብሳ፣ ሙዝና ብርቱካን ይዛ ደሴ ላይ ሚኒባስ ቀይራ ሄደች።

የእትዬ ሸዋረጋ ወንድም ቤት ከመንገዱ ወጣ ብሎ የገብስ ማሳ ዳር ነው። እትዬ ሸዋረጋ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ከስተዋል፣ ጸጉራቸው ከሻሹ ሥር ነጭ ሆኗል። ከይሪያ ጎንበስ ብላ እግራቸውን ልትስም ስትል በክንዳቸው ያዟት።

«ተይ፣ ተይ! ምን ሆነሻል? ጆሮሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ነገረቻቸው። ከፋብሪካው ጀምራ እስከ ደሴው ክሊኒክ ያለውን ሁሉ። እትዬ ሸዋረጋ በመሃል አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

«እኔ የምሄድ ቀን» አሉ፣ «ጠዋት ሥራ ሳትገቢ፣ አክስትሽ ልጁን ይዘው ወጣ ባሉበት መጥቼ አንኳኳሁ። ጠራሁሽ። በመስኮት አየሁሽ፤ ጀርባሽን ሰጥተሽ ድስት ታጥቢያለሽ። ከይሪያ፣ ከይሪዬ አልኩሽ። ዞር አላልሽም። አሃ፣ ፊቴን ማየት አልፈለገችም አልኩና ሄድኩ።»

«ወላሂ አልሰማሁም!»

«አሁንማ አወቅሁ። ያኔ ግን እንባዬን ይዤ ነው መኪና የገባሁት።»

ከይሪያ ስለዚያ ክፉ ቃል ይቅርታ ልትጠይቅ ጀምራ፣ «ወልዶ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቃሉን ዋጠችው። እትዬ ሸዋረጋ እጇን ጨበጥ አደረጓት። ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ አልተቆጡምም። «እውነት አይደል እንዴ? አልወለድኩም» ብቻ አሉ።

ትንሽ ቆይታ ከይሪያ የመጣችበትን ጠየቀች። «እትዬ፣ ያኔ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ምን ይለኝ ነበር? እንዴት ነበር የሚለኝ?»

እትዬ ሸዋረጋ ዓይናቸውን ከማሳው ላይ ሳያነሡ አሰቡ። «አጉ ይልሻል። ቀጭን ነበረች ድምፁ፣ ወደ መጨረሻው ከፍ የምትል። ከዚያ ዝም ብሎ ማጅራትሽን ማየት ነው። ይጠብቅሻል። ዝም ስትዪው ደግሞ ይሞክራል፤ ሁለተኛው ረዘም ይላል። ዝም ስትዪው ጉንጩን ጀርባሽ ላይ ያስተኛና ይተወዋል። እኔ ከበሬ ሆኜ አይ ነበር። አንዳንዴ አላስችል ሲለኝ እኔ አጉ እለው ነበር፤ ያኔ ቀና ብሎ ይፈልገኛል።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሌላውን ረሳሁት ልጄ። ብዙ ነገር ይለኝ ነበር። የሕፃን ወሬ ማን ይይዘዋል?»

ከይሪያ «እስኪ እንደሱ አርገው ይበሉልኝ» አለቻቸው። እትዬ ሸዋረጋ ሞከሩ። ያረጀ ድምፃቸው አልወጣ አላቸው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ተዉት።

ሙዓዝ ይህ ሁሉ ሲሆን ከእናቱ ቀሚስ ኋላ ተሸሽጎ ነበር። እትዬ ሸዋረጋ «ና ወዲህ፣ የኔ ጌታ። ሸዋዬ ነኝ እኮ» ብለው እጃቸውን ዘረጉለት። አያቸውና ጭራሽ ተደበቀ። ስለ ድመቷ ጠየቁት። ብርቱካን ልጠው ሰጡት፤ ተቀብሎ ሄዶ ራቅ ብሎ በላ።

«ረሳኝ» አሉ።

«ልጅ አይደል፣ ይለምድዎታል» አለች ከይሪያ። «እየመጣን እንጠይቅዎታለን።»

«አዎ፣ ኑ» አሉ፤ ግን መንገዱ ሩቅ መሆኑን ሁለቱም ያውቁታል።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ተነሡ። እትዬ ሸዋረጋ ከዘራቸውን ይዘው እስከ አጥሩ በር ሸኟቸው። ከይሪያ ልጇን ወደፊት አስቀድማ «ደህና ይዋሉ በላቸው» አለችው። ሙዓዝ ያደገ ልጅ ነው፣ ሥርዓት ያውቃል። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ እንግዳ አሮጊትን እንደሚሰናበት ሰው «ደህና ይዋሉ» አላቸው። ከይሪያ እያንዳንዷን ፊደል ሰማች።

እትዬ ሸዋረጋ «ደህና ዋል፣ ልጄ» ብለው መለሱለት፤ እነሱ ጥርጊያው መንገድ ላይ እስኪደርሱም የአጥሩን በር ይዘው ቆሙ።